ለሽምግልና እስከ ሺያን

መጋቢት 16፣ ረቡዕ። ትሩጋኒና፣ ሜልበርን።

ሰማይን ያለ ምሰሶ ባቆመ፣ ምድርን ያለ ካስማ በዘረጋ በአንዱ አምላክ ስም፣ ማስታወሻዬ ሆይ፣ እንደምን አደርህ።

ጸሎት አድርሻለሁ። ሻንጣው ገና አልተዘጋም። አስካለ ትፈታዋለች፣ ታስረዋለች፣ መልሳ ትፈታዋለች። በሶ ጨመረች። ቆሎ ጨመረች። ቻይና ምግብ የለም ወይ ብላት፣ ምግብማ አለ፣ ያንተን ጾም የሚያውቅ ነው የሌለው አለችኝ። ባለቤቴ ናትና አልተከራከርሁም።

የጉዞውን ምክንያት ልጻፍ። ልጃችን ኤልያስ ሊን የምትባል የቻይና ልጅ ወድዷል። ሺያን ከተባለች ጥንታዊት ከተማ ለትምህርት መጥታ፣ ሜልበርን ቀርታ፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለእናት ለአባቷ አንድ ናት። ልጅ የሚለመነው በሽማግሌ ነው፤ ስልክ ሽማግሌ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እኔና ወዳጄ በቀለ ነገ እንበራለን። ቲኬቱን ኤልያስ ቡክ አድርጎታል።

የሙሽራ አባት ራሱ ለሽምግልና አይሄድም ያሉኝ የቤ/ክ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ባሕር የሚሻገር ሽማግሌ ከወዴት ይምጣ? በቀለ ታክሲ መንዳት ትቶ ሜልተን ተቀምጧል፣ ጊዜ አለው፣ ቀልድም አለው። ሽማግሌ ሲያንስ ሦስት ነው፣ እኛ ሁለት ነን ስለው፣ «ሦስተኛው ቪዛ አያስፈልገውም፣ መሪጌታ» ብሎ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። ሣቅሁ። በልቤ ግን አሜን ብያለሁ።

ማታ። ኤልያስ ማሽን ከሚጠግንበት የላቨርተን ኖርዝ መጋዘን፣ ከሺፍት በቀጥታ መጣ። አንድ ነገር ለመነኝ፤ የጥምቀቱን ነገር እዚያ እንዳላነሣ። ሊን ከአምና ጀምሮ ቤ/ክ ትመጣለች። ከፋሲካ በኋላ ልትጠመቅ ወስናለች። ካልተጠመቀች ተክሊል የለም። አባቷ ግን አያውቅም። መጀመሪያ እሺ ይበል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይነገረዋል ነው የልጄ ምክር። የሰው ልጅ ለምኖ ግማሹን መደበቅ ይገባል ወይ አልሁት። ሲጨንቀው እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ «ዋን ቲንግ አት ኤ ታይም፣ ዳድ።»

አስካለ ከማድቤት ሆና፣ «ምነው፣ ልጅቱን ልንሰርቃት ነው እንዴ?» አለች።

እኔም ሻንጣውን ዘጋሁት።

መጋቢት 18፣ ዓርብ። ሺያን።

ተመስገን። በሰላም ገባን። እግሬ አብጧል። በቀለ መንገዱን ሁሉ አንኮራፍቶ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም ይላል።

ሊን ሳምንት ቀድማን መጥታ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጎንበስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ እንኳን ደህና መጡ አባባ አለችኝ። የእኔ እንግሊዝኛ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ የእርሷ አማርኛ የቤ/ክ ግቢ አማርኛ። መካከል ላይ እንገናኛለን።

ከተማዪቱ በግንብ ታጥራለች። ግንቡ እንደ ተራራ ወፍራም ነው፤ በላዩ ሰዎች በብስክሌት ይሄዳሉ። ከግርጌው ውኃ፣ ከውኃው ዳር አበባ። ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ አበባ አውጥተዋል፣ ነጭና ቀይ ዳማ። እኛ ሜልበርን ላይ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ተነሣን፣ እዚህ ጸደይ ተቀበለን። አንዱ ጌታ በአንድ ቀን በወዲህ ያረግፋል፣ በወዲያ ያፈካል።

በሱዳን ድንበር ላይ ውኃ ለምኜ የጠጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ልጅ ልለምን በአውሮፕላን መጣሁ። ምን ብዬ ላመስግን።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ። ቅ. ገብርኤል። ማታ።

ጉድ ሆነናል። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

እንደ ወጋችን ነጭ በነጭ ለበስን። እኔ ጥምጣሜን ጠመጠምሁ፤ በቀለ ኩታውን አጣፋ። የሊን ወላጆች ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። በቀለ በየደረጃው እያረፈ፣ «ሽምግልና ጥበብ ነው ይሉ የለም? ጉልበት ነው እንጂ» ይላል።

እናትየዋ በሩን ከፈተች። አየችን። አፏን በእጇ ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሊን ከኋላችን ሮጣ ገብታ ብዙ ነገር በጥድፊያ ተናገረች። ለካ በዚህ አገር ነጭ የሚለበሰው ለኀዘን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው የመጡ መስሏታል። ልጅቱ ዘወትር በቤ/ክ ነጭ ለብሰን ስለምታየን ይህን ነገር ፈጽማ ረስታዋለች።

አባትየው አቶ ጋኦ ይባላል። በባቡር ሐዲድ ጥገና ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ወንበር ሳበልን። አመስግነን ቆምን። እናትየዋ ሻይ አመጣች። አመስግነን አልነካንም። ጉዳዩን ተናግሮ በጎ ምላሽ ሳይሰማ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለምና። እኔም ተናገርሁ፤ ልጅዎን ለልጃችን፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ፣ ልንለምን መጥተናል ብዬ። ሊን የራሷን ልመና ራሷ ተረጐመች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

አቶ ጋኦ፣ ተቀመጡ አለ። እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም አልሁ። እንግዳ ቆሞ እኔ በቤቴ አልቀመጥም አለ።

ቆምን። እርሱም ቆመ። ሚስቱም ቆመች። ሊንም ቆመች። ጠባብ ሳሎን ነው። ከማድቤት የሾርባ ሽታ ይመጣል።  በቀለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «መሪጌታ፣ ይህ ሰውዬ ከእኛ የባሰ ሽማግሌ ነው» አለኝ።

ያኔ የአቶ ጋኦን ግራ እግር አየሁ። ይንቀጠቀጣል። በእጁ የወንበሩን ጀርባ ጨምድዶ ይዟል። በሥራ ላይ ተጎድቶ የቆየ ጉልበት እንዳለው ኋላ ሰማሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን መስማት አላስፈለገኝም። ወጉን አሰብሁ። እግሩን አየሁ። ተቀመጥሁ።

እርሱም ወዲያው ተቀመጠና እፎይ ብሎ ተነፈሰ። እናትየዋ ፊቷን በመሐረብ ሸፍና ሣቀች። ሻዩን ጠጣን።

መልስ ግን አልሰጠም። ከነገ ወዲያ መጥታችሁ እህል ቅመሱ አለን። ስንወጣ በቀለ ደረጃው ላይ እየተደገፈ፣ «ቀጠሮ ሰጠን እኮ! ወጋችንን ማን ነገረው?» አለ። ሊን ደግሞ የአባቷን ቃል ነገረችን፤ አንቀመጥም ስንል፣ ቤት ሊፈትሹ የመጡ ፖሊሶች ናቸው ወይ ብሎ ጠይቋት ኖሯል።

መጋቢት 20፣ እሑድ። ኒቆዲሞስ።

በከተማው ቤተ ክርስቲያናችን የለም። በሆቴሉ ክፍል ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸለይሁ። በቀለ የሜልበርኑን ቅዳሴ በስልኩ ከፍቶ ከመስኮቱ ዳር አቆመው። ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል። ዜማው ሲቋረጥ እኔ እቀጥልለታለሁ፣ ሲመለስ አብረን እንሆናለን። እንዲህም ያለ ቅዳሴ ለካ አለ። ተመስገን።

ዕለቱ ግን ወቀሰኝ። ዛሬ የምናስበው ያ መምህር ሰው እንዳያየው ተሸሽጎ መጥቶ፣ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ዳግመኛ ሊወለድ እንዲገባው የተነገረው ነው። ከሰንበታት ሁሉ በዚህ ሰንበት ጥምቀትን ልሸሽግ? የቅዳሜው ጥምጣሜ ራሴ ላይ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ሊንን ከሆቴሉ ታች አስጠራኋትና ነገርኋት። ነገ ለአባትሽ እነግራለሁ፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ። አባባ፣ እኔው ራሴ ልንገረው አለች። መቼ ብላት ጫማዋን ማየት ጀመረች። አባቷን አትፈራውም፤ የምትፈራው ኀዘኑን ነው። አንዲት ልጅ አለችው። አገር ተሻግራ ሄደች። አሁን ደግሞ ሌላ ስም፣ ሌላ አምላክ። ለእርሱ ምን ይቀርለታል አለችኝ።

 ኀዘኑ ዛሬ ቢነገር አንድ ነው፣ ነገ ቢደረስበት ሁለት ይሆናል አልኋት።

መጋቢት 21፣ ሰኞ። እመቤታችን።

ጾሙን አክብረው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጠሩን። ማዕዱ ሲታይ ግን ደነገጥሁ። መካከል ላይ ዓሣ ተጋድሟል፣ ከነቅርፊቱ። አጠገቡ የተከተፈ ዶሮ። ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል አይበሉም ብላ ሊን ነግራቸው አልነበረም ወይ? እርሷ ሻይ ልታፈላ ማድቤት ገብታለች። እናትየዋ በመብያ እንጨቷ ከዓሣው ቆርሳ ከፊቴ አኖረች፤ ጉርሻ በሉት። እጄን በደረቴ ላይ አድርጌ እምቢ አልሁ። ከጎኑ ቆርሳ ጨመረች። እምቢ አልሁ። ፊቷ ጠቆረ።

በቀለ አጎንብሶ ዓሣውን መረመረ። «መሪጌታ፣ ይህ ዓሣ ዐይን እንጂ አጥንት የለውም።» ቀመሰ። አኘከ። «አኩሪ አተር ነው!» ዶሮውም አኩሪ አተር። የእነርሱ መነኮሳት ሥጋ ስለማይበሉ፣ ለእንግዳ ማዕድ አኩሪ አተሩን በዓሣና በዶሮ አምሳል የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ሴትዮዋ ሁለት ቀን ደክማበታለች። ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሳህኔንም ሁለት ጊዜ አስሞላሁ። በቀለ፣ ጾሙ እንዲህ ከሆነ ፍስኩን ምን ሊያደርጉት ነው ይላል።

ደስታው ሞቅ ባለበት ሰዓት ተናገርሁ። አቶ ጋኦ ሆይ፣ ልጅዎን ስንለምን ሳንነግርዎ ልንወስዳት አይገባም። ሊን በእኛ ሃይማኖት ልትጠመቅ ፈቅዳለች። ከተጠመቀች የክርስትና ስም ይወጣላታል፤ ጋብቻውም በቤ/ክ በቁርባን ይሆናል። ያስገደዳት የለም። ይህን ሳይሰሙ እሺ ቢሉን እሺታዎ እሺታ አይሆንም።

ወደ ሊን ተመለከትሁ። የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆመች፣ አልተረጐመችም።  አባትየው እርሷን ያያል፣ እኔን ያያል። ደግሜ መናገር አልቻልሁም። በቀለ ያን ጊዜ ቀልዱን ትቶ፣ በለዘበ ድምፅ፣ «በዪ የኔ ልጅ። ከአንቺ አፍ ይስማው። ነገ ከሌላ ቢሰማ ይብሳል» አላት።

ተናገረች። አጭር ነበር።

አቶ ጋኦ መብያ እንጨቶቹን ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። ተነሣ። ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠን፤ የአበባ ማሰሮዎቹን ውኃ ያጠጣ ጀመር። ውኃ የጠገበውንም ደግሞ አጠጣው። እናትየዋ ምግብ ከፊታችን መጨመሯን አላቆመችም።

ሲመሽ ተሰናብተን ወጣን። ሊን እዚያው ቀረች።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ።

ከጋኦ ቤት ቃል የለም።

ኤልያስ ደወለ። ሊን ነግራዋለች። ብዙ ተናገረኝ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የገባኝ ገባኝ፤ ያልገባኝንም ከድምፁ ተረዳሁት። ሳይሰናበተኝ ዘጋው። እኔ ደግሞ ጠዋቱን ሁሉ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አረፈድሁ። ተሳስቼ ይሆን? እውነትን መናገር መልካም፤ በሰው ልጅ ትዳር ላይ መናገርስ? መጻሕፍቱን በሐሳቤ ገለጥሁ። ሊቃውንቱ ስለዚህ ነገር ዝም ብለዋል።

በቀለ ከክፍል ጎትቶ አወጣኝ። ግንቡ ላይ ብስክሌት ተከራየ፤ ታክሲ የነዳ ሰው ብስክሌት አያቅተውም አለና አንዲት አሮጊት ሊገጭ ለጥቂት ተረፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሮጊቷ ከእርሱ ፈጣን ነበረች።

ከግንቡ ግርጌ በአበባው መካከል ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። አንዱ እንደ መጥረጊያ የረዘመ ብሩሽ ውኃ ውስጥ እየነከረ በንጣፉ ድንጋይ ላይ ፊደል ይጥላል። የአጣጣሉ ውበት! ከሦስተኛው መሥመር ሲደርስ የመጀመሪያው ደርቋል። አይቆጭም። ትኩር ብዬ ማየቴን አይቶ ብሩሹን ሰጠኝ። በልጅነቴ ብርዕ የቀረጽሁ እጅ ብሩሹን ለመደው። «ሰላም» ብዬ ጻፍሁ፣ በጕልሕ ፊደል። ተሰበሰቡ፣ አዩ፣ አጨበጨቡ። ቃሉ በፀሐይ ጠፋ። ሰውዬውም አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ኀዘኔ ለጥቂት ጊዜ ተነሣልኝ። ስለዚያ ሰው ተመስገን።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ። ቅ. ጊዮርጊስ።

ጠዋት በር ተንኳኳ። አቶ ጋኦና ሊን። ፊቷ አብጧል፣ አልቅሳለች። እርሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ የማሳያችሁ ነገር አለ አለን።

የድንጋይ ጽሑፎች ወደ ተሰበሰቡበት ቤት ወሰደን። ድንጋዮቹ እንደ ጫካ ቆመዋል። በጥንት ዘመን መጻሕፍታቸውን እንዳይጠፉ በድንጋይ ቀርጸዋቸዋል። እንዲህ ያለ የመጽሐፍ ፍቅር በሌላ አገር አይቼ አላውቅም። ብዙዎቹን አልፎ ሄደና ከአንዱ ፊት ቆመ። በድንጋይ ኤሊ ጀርባ ላይ የቆመ፣ ጥቁር፣ ከእኔ እጅግ የሚረዝም። አቶ ጋኦ በጣቱ ወደ ራስጌው አመለከተ።

መስቀል።

ትንሽ ናት። በአበባ ላይ፣ በደመና መካከል። አማተብሁ።  ከሺህ ዓመት በፊት፣ በምድር ዳርቻ፣ የጌታዬ መስቀል። ከጎኑ ሌላ ዓይነት ፊደል አለ፤ የሶርያ ነው አለች ሊን። ከሶርያ ወደ እኛም መጥተዋል፣ ዘጠኙ ቅዱሳን ከወጡባቸው አገሮች አንዷ እርሷ ናት። ዕንባዬ መጣ።

ቀጥላም ከጎኑ ያለውን መግለጫ አነበበችልኝ። የመጡት መነኮሳት ከፋርስ ናቸው፣ የምሥራቅ ቤ/ክ ከምትባለው። ልቤ ቀዘቀዘ። አወቅሁ። በኤፌሶን የተወገዘው የንስጥሮስ ወገን። አባቶቻችን ስለ እመቤታችን ክብር የተከራከሩት ከዚህ ትምህርት ጋር ነው። ከድንጋዩ ፊት ምን ልሁን? ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን ለአንተ ብቻ እነግራለሁ፤ ለትምህርቱ አልሰገድሁም፣ ከመስቀሉ ግን ዐይኔን መንቀል አልቻልሁም። በበረሃ በግመል ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዙት ሰዎች የመስቀሉን ስም ይዘው ነው። ፍርዱ የእኔ ስላልሆነ አመሰገንሁ።

አቶ ጋኦ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ተናገረ፣ ሊን ተረጐመች። የእናንተ እምነት ለዚህች ከተማ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት መጥቼ ይህን አይቻለሁ። ያዘንሁት በእምነቱ አይደለም። ልጄ ለማላውቀው ሰው ነግራ ለእኔ ሳትነግር በመቅረቷ ነው። እናንተም ሳትነግሩኝ ብትሄዱ ኖሮ ዳግመኛ በሬን አልከፍትላችሁም ነበር።

ሊን ይህን እየተረጐመች ሳለች በቀለ መሐረቡን አቀበላት።

ከዚያም ሸክሙን አወጣው። እናቱ የተቀበረችው ከከተማው ውጭ ኮረብታ ላይ ነው። በየጸደዩ መቃብሯን ይጠርጋል፣ ነገም ይሄዳሉ። እርሱ ከሞተ በኋላ የሚጠርግ ልጅ ሊን ብቻ ናት። ከተጠመቀች ይህ ይከለከላል ወይ? የአያቷን መቃብር፣ የእኔንስ ማን ያየዋል?

ሰውየው ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣው በዚህ ነበር። ጥንቃቄ አድርጌ መለስሁ። አባትና እናትን ማክበር የአምላካችን ትእዛዝ ነው። እኛም ለሙታን ተዝካር እናወጣለን፣ ሙት ዓመት እናስባለን። መቃብሩን ታጸዳለች፣ አበባ ታኖራለች፣ ቆማ ታለቅሳለች። ለሙታን ገንዘብ ይሆናቸዋል ተብሎ ወረቀት ማቃጠልና ምግብ መሠዋት ግን አትችልም። ይህን ደብቄ ላስደስትዎ አልፈልግም።

እርሱም፣ ወረቀቱን ሚስቴ ታቃጥላለች፣ እናንተም ነገ አብራችሁን ኑ አለ።

መጋቢት 24፣ ኀሙስ።

ኮረብታው አረንጓዴ ነው። ሌሎች ቤተ ሰቦችም መጥተዋል፤ መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ ቅርጫት ይዘዋል። የኀዘን ቀን መስሎኝ ነበር። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ሰዎች ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይበላሉ።

እናትየዋ ወረቀቷን ስታነድድ ፈንጠር ብዬ ቆምሁ። አቶ ጋኦ አየኝ፣ አልተቀየመም። እሳቱ ከበረደ በኋላ ግን ቀረብሁ። ከድንጋዩ ዙሪያ አረም በቅሏል። ኩታዬን ለበቀለ አስይዤ ተንበረከክሁና ነቀልሁ። ሊን ከዚያኛው ወገን ትነቅላለች። መሬቱ ርጥብ ነው፣ አረሙ ከነሥሩ ይመጣል። ለዚያች አሮጊት ፍትሐት ማድረስ አልችልም፣ ሥርዐቱን አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ እርሷ ፈጣሪዋን ማመስገን የሚከለክል ሥርዐት አላገኘሁም። እርሷ ይህን ሰው ባትወልድ ሊን የለችም።

አቶ ጋኦ እናቱን በቻይንኛ አነጋገራት። ረጅም ነበር። ሊን ሁሉን አልተረጐመችልንም፤ ስለ ኤልያስ እየነገራት ነው፣ ማሽን እንደሚጠግን ሲነግራት ደስ አለው ብቻ አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ አለ።

በቀለ እልል ሊል አፉን ከፍቶ፣ የት እንዳለ አስታውሶ ዘጋው።

አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ አለ አቶ ጋኦ። ጥሎሽ አልፈልግም። በየዓመቱ በዚህ በመቃብር መጥረጊያ ሰሞን ሁለቱም እዚህ ይምጡ። እኔ ቆሜም ሳለሁ፣ ሞቼም። አንዲትም ጸደይ አትጉደል።

ሊን ተስፋ ባለው ዐይን አየችኝ። እኔ ግን በልቤ ባሕረ ሐሳቡን እቈጥር ነበር። ይህ ሰሞን ብዙውን ጊዜ የሚውለው በዐቢይ ጾም ነው፤ አንዳንድ ዓመት በሰሙነ ሕማማት፣ አንዳንድ ዓመት በትንሣኤው በራሱ ዕለት። ኤልያስ በትንሣኤ ሌሊት ከበሮውን የሚይዘው ነው። ከሕፃንነቱ እኔው አስተምሬዋለሁ። በዚያች ሌሊት እኔ ስመራ እርሱ ይመታል፤ በእንግሊዝኛ የማንነጋገርባት አንዲት ሌሊት እርሷ ናት። ነገ እመልስልዎታለሁ አልሁ። ሽማግሌው ራሱ ቀጠሮ ጠየቀ። አቶ ጋኦ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ማታ ለኤልያስ ደወልሁ። ስለ ሰኞው ይቅር ተባባልን። ነገሩን ነገርሁት። ፋሲካም ቢሆን ዳድ? አዎ። ፋሲካም ቢሆን።  ከዚያ በአማርኛ፣ ደኅና አድርጎ፣ «አባዬ፣ ከበሮ የሚይዝ ሰው አይጠፋም። የሊን አባት ግን ሌላ ሰው የለውም» አለኝ።

ቃሉ ወጋኝ። ልጄ የእኔን ቦታ ከሌላ አባት ቦታ ጋር መዝኖታል፣ መዝኖም በትክክል ፈርዷል። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ፤ ከኀዘኑ ምስጋናው በልጦ።

መጋቢት 25፣ ዓርብ። አውሮፕላን ማረፊያ።

ለሆሣዕና ሜልበርን እንገባለን። አስካለ ዘንባባውን ማን ያመጣዋል ብላ ትጨነቃለች። በቀለ ከሱቁ ለልጅ ልጆቹ የአሻንጉሊት ኤሊ እየገዛ ዋጋ ይከራከራል፣ በአማርኛ።

አቶ ጋኦና ሚስቱ ሊሸኙን መጥተዋል። ስድስቱን ፎቅ ወርዶ፣ በዚያ ጉልበቱ። በሊን አፍ መልሴን ነገርሁት። ይመጣሉ። በየጸደዩ፣ ሁለቱም፣ ከዚያም ልጆቻቸው። ሕማማት ቢሆን በስግደታቸው ይመጣሉ፤ ትንሣኤ ቢሆን በዚህች ከተማ ይፈስካሉ። ከዚያ ድንጋይ ወዲህ ትንሣኤን የሚያከብር ሰው በዚህ ጠፍቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ከእንግዲህ ግን ከእኛ ወገን ይኖራል። ልጄን በዚያች ሌሊት ከአጠገቤ አጥቼ መቆም እችላለሁ። ፈቅጃለሁ፣ በፈቃዴ ነው፣ አልጸጸትም።

እጄን በሁለት እጁ ያዘው። አልለቀቀኝም። የእኛ ሰው ቢሆን ጉልበቴን ይስም ነበር፤ ወይም እኔ የእርሱን።

ይህን የምታነብ ሆይ፣ ልጄም ብትሆን፣ የልጅ ልጄም፣ የማላውቅህ እንግዳም፣ ጸደዩን ያስፈካ ጌታ ቤትህን በሳቅ ይሙላ። ሽማግሌ አይጣብህ። ከደጅህ የቆመ አይፈር፣ ከማዕድህ የቀረበ አይራብ። የሙታንህን መቃብር የሚያጸዳ ልጅ፣ የሕያዋንህን እጅ የሚይዝ ወዳጅ ይስጥህ። ከአንተና ከቤተ ሰብህ ጋር ሰላም ትሁን። አሜን።